ከላይ ምን አለ?

ሠላሳ ሰባት ዓመት በላንዡ ጣቢያ ከባቡር ሥር ኖርኩኝ፣
እያንዳንዱን መንኮራኩር በመዶሻ እየነካሁ «እንዴት አደርክ?» አልኩኝ።
ደህናው ብረት ይዘምራል፣ ድምፁ እየራቀ ይረዝማል፤
የተሰነጠቀው ግን «ዱብ» ይላል፣ እዚያው ይከስማል።
ጆሮዬ ብረት አወቀ፤
የገዛ አጥንቴን አልሰማሁም።

በሃያ ስድስት ዓመቴ ከዳሌዬ ሥር ጀመረኝ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየመጣ «ተነሥ» እያለ ነዘነዘኝ።
ሌላው ሰው ደክሞት ይተኛል፣ ተኝቶ ይበረታል፤
እኔን ዕረፍት ነው የሚያደክመኝ፣ ፍራሽ ነው የሚሰብረኝ፤
ሥራ ስይዝ ይለቀኛል።
ይህን ለአለቃዬ ብነግረው «አረቄ ነው» አለና ሄደ፤
ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ «ቀርከሃ መስሏል» እስኪለኝ
ዘጠኝ ዓመት ነጎደ።
ቀርከሃስ ነፋስ ሲመጣ ይጎነበሳል፣ ነፋስ ሲያልፍ ቀና ይላል፤
የኔው ግን አንዴ ጎንበስ አለ፣
እዚያው ተጣበቀና ቀረ፣ ያው ነው እስከ ዛሬ እንዳለ።

አሁን ስልሳ አንዴን ይዣለሁ። ሰውን የማውቀው በጫማው ነው።
ሰላም ሳይሉኝ ጎንብሼ ስለምገኝ
«ሼን ትሑት ሽማግሌ ነው» ይሉኛል፤
ትሕትና አይደለም፤ አጥንት ነው።

ጧት ጧት ከቢጫው ወንዝ ዳር፣ ከአኻያዎቹ ሥር፣
ወይዘሮ ፋን ሩዪን ትቆማለች፣
የመድኃኒት ቤት ጡረተኛ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ እንደ ምሥጢር።
«አትታገሉት» ትላለች፤ «የዛገ በር በእርግጫ አይከፈትም፤
ትንፋሽ ዘይት ነው። ጠብ አድርጉለት። ጠብ።
መርፌና ክኒናችሁን ግን እንዳትተዉ፣
እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

ስምንት ነው እንቅስቃሴው፣ ጥንት «የሐር ጥልፍ» ያሉት፤
የመጀመሪያው፣ ጣት ከጣት አቆላልፎ ሰማይን ወደ ላይ መግፋት።
«ዓይን እጅን ይከተል» ስትል ሰልፉ ሁሉ ቀና ይላል፤
የኔ ዓይን የፋን ጫማ ላይ ይቀራል፣
አረንጓዴ ነው፣ የግራው ክር ሁሌ ይፈታል።

በረዶው በቀለጠ ሰሞን አንድ ልጅ መጣ፣ ሉ ቼንዪ፣
ሃያ አራት ዓመቱ፣ በሞተር ምግብ አመላላሽ።
ፊቱን አላየሁትም። «የሽማግሌ ጨዋታ» ሲል ሰማሁት።
ከኋላው ሰው ሲጠራው ግን አንገቱ ብቻ አልዞረም፤
ጫማዎቹ ዞሩ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ፣ እንደ ቁም ሣጥን።
ዱብ።
ያን ድምፅ የት እንደማውቀው አውቃለሁ።

አጠገቤ ቆመ። እጃችንን ወደ ላይ ገፋን።
«ከላይ ምን አለ?» አልኩት።
«ምንም።»
«ምንም የሚባል ሰማይ የለም።
አንተ ገና ታያለህ፤ ለእኔም እይልኝ።»
ትንፋሹ ተሰበረ፤ ሲያመው ሰማሁ፤ ቆይቶ፣
«ክሬን አለ» አለ፣ «ቢጫ። ጫፉ ላይ ሰው ሸሚዙን አስጥቷል።
ደመናም አለ፣ ጥርስ ያረፈበት ዳቦ ይመስላል።»

ከዚያ ወዲህ በየጧቱ ይነግረኛል። የሚቀርበት ቀንም አለ፤
ዓይኑ ቀልቶ፣ ብርሃን ጠልቶ፣
ሐኪም ቤት የዋለበት ሳምንት ነበረ።
የኔም ጀርባ ግንብ ተደግፎ ሲለካ፣
ከራሴ እስከ ግንቡ አምና አሥራ አንድ ጣት፣
ዘንድሮም አሥራ አንድ።
ፋን «አልጨመረም» ብላ ጣቷን አራገፈች፤
እኔ የበግ ሥጋ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

ትናንት እጃችን ከላይ ሳለ ሉ «ቆይ፣ አትንቀሳቀስ» አለኝ፤
«የአኻያው ጥጥ መርገፍ ጀምሯል። አንዱ ወደ አንተ እየወረደ ነው።
ከራስህ በላይ... አሁን ጆሮህ ጋ... ነፋስ ወሰደው፣ አይ፣ መለሰው...»
ትንፋሼን ያዝኩ፣ ፋን ትንፋሽ አትያዙ እያለች።
ጫማዬ ላይ አረፈ፤ ነጭ፣ ከጥፍር የማይበልጥ።
«ይሄንን አየሁት» አልኩት።