የተገለበጠ ባልዲ

ሰማሁ፣ ምንተስኖት፣ ፈቃድ እንዳወጣህ፣
ማኅተም እንዳስቀረጽህ፣ ካርድ እንዳሳተምህ፣
«የንግድ አማካሪ» ብለህ በወርቅ ቀለም ስምህን እንዳስጌጥህ።
እሰየው።
አሁን ካርዱን ኪስህ ክተትና ስማኝ፣
የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የሆንኩትን ላውራህ፣ ጥቂት ታገሠኝ።

ቱሉ ዲምቱ ያኔ፣ አስፋልቱ ሳይደርስ፣
ከቃሊቲ ወዲያ መንገዱ ሲቆፈር፣ ሲፈርስ፣
ሱፍ ለብሼ ሄድኩኝ፣ ከረባት አስሬ፣
አርባ ስምንት ገጽ ጥናት በላስቲክ ሽፋን አሳምሬ።

እታገኘሁ ብሎኬት ታመርታለች፣
ሁለት ማሽን አላት፣ ዘጠኝ ልጆች ቀጥራለች።
ጥናቴን ተቀብላ በመዳፏ መዘነች።
«ለፍተሃል» አለች፣ «ያስታውቃል፤
እስቲ ንገረኝ፣
ከመቶ ብሎኬት ስንቱ ይሰነጠቃል?»

ዝም።
ስለ ገበያ ድርሻ ጽፌአለሁ፣ ስለ ራእይና ተልእኮ፣
ስለ ስንጥቅ ግን
አንድ መስመር የለም እኮ።

በማግስቱ ተመለስኩ፣ ያለ ሱፍ፣ ያለ ከረባት፤
ዘበኛው ጋሽ ኩመሳ ባልዲ ገልብጠው
«በል ተቀመጥባት።»
ሦስት ቀን ቆጠርኩ።
ከመቶው አሥራ አራት።
ማሽኑ ነው አልኩ፤ ሲሚንቶው ነው አልኩ፤
አሸዋውንም ወነጀልኩ።
ጋሽ ኩመሳ ሳቁ፦
«ውሃ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ ሮቶዋ አንድ ናት፣
ስድስት ሰዓት ሲሆን ባዶዋን ትቀራለች፤
ብሎኬቱ ሳይጠጣ ፀሐይ ትጠጣዋለች።»

ሌላ ሮቶ ተገዛ።
አሥራ አራቱ ወደ ሦስት ወረደ።
ጥናቴ የት ሄደ?
የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ከረመ፣
ሐምሌ ሲገባ የተሰበረ መስኮት ደፈነ፤
አልዋሽህም፣ ያኔ ነው የጠቀመ።

እንግዲህ ስትሄድ ቢሮ አትግባ፣ መጀመሪያ በሩ ላይ ቁም፤
ዘበኛ ያውቃል፣
የትኛው መኪና ምን ጭኖ እንደሚወጣ ሲጨልም።
«አላውቅም» በል፣ ምላስህ አይቆረጥም።
መዝገብ ስትጠይቅ ሁለት ይኖራል፣
አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ከፍራሽ ሥር ያድራል።
ሁለተኛውን ሳታይ ምክር አታውጣ፤
ስለ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ
አውራ፣ ሻይ ጠጣ፣
ቀስ ብሎ ይመጣል።
ሲመጣ ግን፣ ለመደበቅ እጅህን አታውስ፤
ይህን የምልህ አውሼ ስላየሁት ነው።
እሱን ሌላ ቀን።

ዋጋህን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገር፣
ግማሹን በቅድሚያ፣ በፊርማ፣ አትፈር።
እኔ አፈርኩ።
«የፈቀድሽውን» አልኳት፣ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ፤
ሁለት መቶ ብሎኬት ሰጠችኝ፣
የጋሪውን እኔው ከፈልኩ።

«ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ፤
ለአባት ይሆን ይሆናል፣ የኛ ተረት ግን አይደለም።
እምቢ ካለህ ተመለስ፣ ያልነገረህ ነገር አለ፤
ምናልባት ያ «አባርረው» ያልከው ገንዘብ ያዥ
የሚስቱ ወንድም ነው፣
አንተ ስለ ሒሳብ ታወራለህ፣ እሱ ስለ ቤቱ ያስባል።

ሁለት መቶው ብሎኬት ዛሬ የማድቤቴ ግድግዳ ነው፣
ገላን መጥተህ እየው።
ከበሩ በስተቀኝ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አንዱ ተሰንጥቋል፤
ጎረቤቱ ሁሉ «አስለስነው እንጂ» ይላል።
አላስለስነውም።
ስትመጣ ካርድህን ያዝ፣
ስንጥቁ ውስጥ ይገባ እንደሆን
እንለካዋለን።