ያልተረጎምኩት

ሸርፍ ተራ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር፣
ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ደጅ ሲያድር፣
የአራጋው ቪዲዮ ቤት፣ ባንድ ብር ከሃምሳ፣
አርባ ሰው ይይዛል፤ ቅዳሜ ለት ስልሳ።

የፊልሙ አፍ እኔ ነኝ። በርጩማ ላይ ሆኜ፣
ሲያለቅሱ አልቅሼ፣ ሲፎክሩ ጀግኜ፣
ሽፍታውን የየጁ፣ ንጉሡን የቦረና፣
ፖሊሱን የቃሉ ልጅ አርጌ ሳዝናና፣
እንግሊዝኛዬማ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር፤
የጎደለኝን ቃል ከሰኞ ገበያ ስለቅም፣ ስበደር።

ማን ይነቃብኛል?

አንድ የሐምሌ ማታ ያ ካሴት መጣና፣
«ይህንማ እናውቃለን!» አሉ ልጆች ገና፦
እንጀራ እናት ልጅቷን ጉድጓድ ትጥላለች፣
ልጅቷ ከጉድጓድ ወርቅ ለብሳ ትወጣለች።

እንዲያ ነው ተረቱ። ፊልሙ ግን ወስዶታል
እንደ አሮጌ ካፖርት፤ ገልብጦ ሰፍቶታል፤
ገበሩ ወደ ውጭ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ፣
ኪሱ እንደ ውሻ ምላስ ወጥቶ ተጎልጉሎ።
ወርቅ የሚባል የለም። ጉድጓዱ ሲታይ
ውሃው ድፍን ጥቁር፣ የጋራዥ ዘይት መሳይ፤
ልጅቷ ወጥታለች፣ ጠጉሯ እየፈሰሰ፤
ሌሊት በር ትቆማለች፤ ደጁ እየራሰ።
ከፊት ወንበር አንድ ሕፃን አለቀሰ።

ሦስተኛው አግዳሚ፣ ከግድግዳው ጥጋት፣
የሉባባ እንጀራ እናት፣ ልጅቷን ይዛት፣
ሁለት ትኬት ከፍላ፣ ተቀምጣ ነበር።
ሰፈሩ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ጨው ነው የምትቸረችር።
የሉባባ ክሳት፣ የሉባባ ዝምታ፣
ሁሉም በሷ እጅ ነው፣ በሰፈር ሐሜታ።
ፊልሙ ላይ ሴትዮዋ ብቅ ከማለቷ
ስልሳ አንገት ዞሮ ተተከለ ፊቷ።

ሴትዮዋ ቆመች፣ ከጉድጓዱ ጠጋ፤
ቢላዋ አልያዘችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ
ተናገረች፤ እንግሊዝኛው ቀላል፣ ቃሉ ጥርት ያለ፣
ስምንተኛ ክፍል የቀረ ሰው እንኳ የሚገባው፣ ምንም ያልዘለለ፦

«እዚህ ቤት ስገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው።
እናት ሁኚ አሉኝ።
ስሜን ግን እስከዛሬ አንድም ሰው አልጠየቀኝ።»

ገባኝ። እንደ ውሃ ነው የገባኝ።
አፌ ግን፣ ማይክራፎኑን እንደያዘ፣
«አንገትሽን ቀንጥሼ ለጅብ ነው የምሰጥሽ!» አለ።
ቤቱ በፉጨት ተናጋ። አንዱ አግዳሚ ተሰበረ።
ምን ላርግ? ሕዝቡ የከፈለው ለክፉ እንጀራ እናት ነው፤
ለምታሳዝን ሴት ማን ብር ከሃምሳ ያወጣል?

ያኔ ነው፣ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ
አንድ ትንሽ እጅ ያየሁት፣ ጨው የሰነጠቀው ጣት ላይ ተማምኖ።

ሰው ሲበተን ሉባባ መጣች እስከ በርጩማዬ።
«ጋሼ፣ ሴትዮዋኮ ስትናገር ፊቷ አልተቆጣም።»
«ፈረንጅ እንዲህ ነው» አልኳት፤ «ሲቆጣ አይታወቅም።»
አየችኝ። ብቻ አየችኝ።
የኔም ፊት ያን ለት ከቃሌ አልገጠመም።

ያ ቤት አሁን የሞባይል ጥገና ሆኗል፤
አራጋው ዓይኑ ደክሞ ሐይቅ፣ ልጁ ጋ ገብቷል፤
ልጆች በስልካቸው የጨለመ ተረት ያያሉ፣
ጽሑፉ ከሥር ይሮጣል፤ አስተርጓሚ ምን ያረግላቸዋል፣ ሁሉን ያውቃሉ።
ሉባባ ባቲ ነው ያገባችው፣ ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ግን ዝናብ ቧንቧ ውሃ ላይ ይዞኝ
ከጨው ሻጯ ሸራ ሥር ገባሁ። «ግማሽ ኪሎ መዝኚልኝ።»
ከዚያ፣ ሃያ ዓመት አርፍጄ፣
«ስምሽን ማን ልበል?»

ሚዛኑ ተወዛወዘ። ቀና አለች። ዓይኔን ፈለገች።
«አብሽር፤ መጀመሪያ ጨውህን ያዝ፤ ዝናቡ እንደሁ ገና ነው» አለች፣
ከሚዛኑ በላይ አንድ እፍኝ ጨምራ፣
በርጩማ ሳበች።