በፊት

ኦሩሮ፣ ማለዳ፤ መስኮቱን አመዳይ ሸፍኖታል፣
መምህር ኒካኖር በጠመኔ ስባሪ ዓለምን ይለካታል፦
ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ።
ለአራተኛው፣ ለጊዜ፣ ሰሌዳው ላይ ጠፋ ቦታ፤
እጁ ግን አልቆመም፣ መስመሩን ሳበው፣
ከሰሌዳው አሳልፎ ግድግዳውን ጫረው።

ሳቱርኒና ተነሣች፤ በክፍሉ ኮሽታ አልነበረ፣
አባቷ አምና ቆርቆሮ ሊቆፍር እንደወረደ ቀረ።
«በርዝመት ሄጄ እመለሳለሁ፣ ደረጃ ወጥቼ እወርዳለሁ፤
ያቺ ማክሰኞ ዘንድ ግን በየት በኩል እደርሳለሁ?»

ቀመሩን ያውቀዋል፤ ሦስቱ ሲደመሩ
ጊዜ ብቻውን ነው ተቀናሽ በመስመሩ።
ይህችን የመቀነስ ጭረት እንዴት አድርጎ ይንገራት?
ጠመኔውን አስቀምጦ በአይማራ አወራት፦

«እኛ ዘንድ ያለፈው ከፊት ነው፣ ዓይን አይቶታልና፤
መጪው ነው ከጀርባ፣ ማን ዞሮ አየውና!
አባትሽ ፊትሽ ነው፤
እግራችን ነው የከዳን።»

ተቀመጠች። ደወል።
ሰሌዳውን ተረኛው ጠረገ፤
የግድግዳውን ጭረት ግን ማንም ሊነካት አልፈለገ።