የአየር ፍሬን

ጥር ነው ኤድመንተን፤ ብርዱ ቆዳ ይልጣል፣
በመስኮቱም ከንፈር አመዳይ ይወጣል።
እኔና ኤፍራታ ባንድ ብርድ ልብስ ገብተን፣
የአውቶቡስ ሾፌር መማሪያ ጭናችን ላይ ከፍተን።

ስምንት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣
«ኤስ» የሚሉት ፊደል በቀዳዳው ሾልኳል።
«የአየሩ ግፊት ሲወርድ፣ እማ፣ አትፍዘዢ፤
ደወሉ ይጮኻል፤ ቀስ ብለሽ ጥግ ያዢ።»
ይህን ስታስተምር እግሯ መሬት አይደርስ፣
አፍንጫዋን ደጋግማ በእጅጌዋ ስታብስ።

ቃሉ ከሷ አፍ ነው፣ ነገሩ ከኔ ዘንድ፤
ግማሽ ግማሽ ይዘን ተጓዝን ባንድ መንገድ።

«እማዬ፣ ቁልቁለት?» ብላ ብትጠይቀኝ፣
ሜዳ ላይ ላደገች ምን ልበል? ጨነቀኝ፤
መጽሐፉን አጋድሜ ሎሚ አንከባለልኩ፤
«ፍሬን ያዥ!» ስትለኝ በመዳፌ ያዝኩ።
አንዴ ሎሚው ሾልኮ ሶፋው ሥር ሲወሸቅ፣
ዘለቀ ስልኩ ላይ፤ ንቅንቅ አይል፣ አይስቅ።

«አባዬ፣ አንተም ና።»
«ደክሞኛል፣ ልጄ» ይላል።
እውነቱን ነው፤ ቀኑን ቄራ ሥጋ ሲቆርጥ ይውላል፤
እጁ ማታ ማታ እንደ እንጨት ይደርቃል፤
ስልክ ለመነካካት አንድ ጣት ይበቃል።
አልወቅሰውም እኔ።
መጽሐፍ ግን ሁለት እጅ፣ ትከሻም ይጠይቃል።

እንዲህ እንዲህ ስንል የካቲት አለፈ፤
የቀዩ ሽፋኑ ጥጉ ተቀረፈ፤
ወጡም ነካካው፣ ሻዩም ፈሰሰበት፤
ገጽ አርባ ሁለት ላይ የሎሚ ጠብታ አለበት።

አንድ ማታ ታዲያ ልጄ ስትፈትነኝ፣
«ደወሉ በስንት ነው?» ብላ ፋታ ነሣችኝ፤
የማውቀው ጠፋብኝ፣ አፌ ተሳሰረ፤
ጣሪያውን አየሁት፤ ምን ሊለኝ ነበረ?
ከወደ ሶፋው ግን፣
ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣
«ስልሳ ነው» አለ አንድ ድምፅ።
ዝም አልን።
ያን ሁሉ ሌሊት ለካ በጆሮው ሲያነብ ነበር።
«አባዬ ኮረጀ!» ብላ ጮኸች ኤፍራታ።

ፈተናውን አለፍኩ፤ ሁለት ብቻ ሳትኩ።
በፎቶው ላይ ዓይኔ ተጨፍኗል፤ ምን ቸገረኝ፣
ፈቃዱን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ሰቀልኩ።
ቤቱ ደስ ብሎታል፣ ከልጄ በስተቀር።
ያን የተቀረፈ መጽሐፍ ደረቷ ላይ አቅፋ፣
ከንፈሯን ጥላ መጣች፣
«ዛሬ ማታስ፣ እማ፣ ምንድን ነው 'ምናነበው?»

መልስ አጣሁ።
እኔ ፈቃድ ፍለጋ የገባሁበትን ብርድ ልብስ
እሷ ቤት አድርጋው ኖሯል።

ቅዳሜ ጠዋት ዘለቀ ቦቱን አጠለቀ፣
እጇን ይዞ ወጣ፤ ማንም ሳይለምነው በረዶውን ዘለቀ።
ከቤተ መጻሕፍት ሦስት ይዘው መጡ፦
አንዱ ስለ ድብ ነው፤ አንዱ ስለ እሳተ ገሞራ፤
ሦስተኛው ስለ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባንም።

ማታ ከመሐል ገባ። ብርድ ልብሱ አጠረን፤
የኔ እግር ውጭ አደረ።
ያን የደረቀ ጣቱን ከመስመሩ ሥር ሰደደ፣
የፈራ ሰው እንደሚሮጥ፣ ቃል በቃል እየረገጠ ነጎደ፣
ነጥቡ ጋ ደረሰ፣ ሳይቆም አለፈው።

«አባዬ፣ ፍሬን ያዝ!» አለች፣ «ነጥቡን እኮ ጣስከው!
ወደ ኋላ ተመለስ፤
ድቡን እንደገና ከእንቅልፉ ቀስቅሰው።»