የታሲዑ እርሳስ

መጀመሪያ የሞቱት ዳክዬዎቹ ናቸው፣
ከወፍጮው እጣቢ ውሃ ጠጥተው፣
አንገታቸው ዞሮ፣ ክንፋቸው ተዘርግቶ፤
ዳንታኒ “ፈንግል ነው” አለ፣ አንዷን በእግሩ ነክቶ።
እኛም አመንነው።
የምናውቀውን ሞት ማን ይጠረጥራል?
አመድ ነስንሰን ቀበርን፤ ወፍጮው ይዞራል።

ባሌ ሳማኢላ ድንጋይ በጆንያ
በሞተር ጭኖ ያመጣል ከዚያ፣
ከዱትሰን ባውሬ፣ ከጉድጓዱ አፍ።
እኔ ነኝ የምሰብረው በመዶሻ ጫፍ፣
እኔ ነኝ የማስፈጨው፣
የማበጥረው፣ የማጥበው፣ የማንገዋልለው፤
ማሽላ በፈጨንበት በዚያው ወፍጮ፣ በዚያው ጓዳ።
አቧራው ልስልስ ነው፣ ከዱቄት ይልማል፤
ምላስ ላይ ሲያርፍ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል።
ማታ ከሳህኑ ግርጌ የሚቀረው ወርቅ
ከቅማል እንቁላል እምብዛም የማይልቅ።
በሱ ነው ቤታችን ቆርቆሮ የለበሰ፤
አልዋሽም፣ በዚያ ዓመት ርሃብ ከደጄ ተመለሰ።

ታሲዑ አምስት ዓመቱ። “እርሳስ ግዙልኝ” ይላል።
“ወርቁ ሲሸጥ” ይለዋል አባቱ። ይስቃል።
እስከዚያው ጣቱን እርሳስ አድርጎ፣
ከወፍጮው አጠገብ እግሩን አጣጥፎ፣
በዚያ ልስልስ አቧራ
ያስተምረኛል የስሙን መጀመሪያ፦
“ምሰሶ። ከላዩ ጣራ።
ይኸው ነው እማዬ፣ ይኸው የእኔ ቤት።”
በመዳፉ ያጠፋል፣ ጣቱን ይልሳል፣
ይጽፋል እንደገና፣ በትጋት።
ከፊደል ሁሉ ያችን ብቻ ነው የማውቀው፤
በዕድሜዬ ያነበብኩት ልጄ በጣቱ የጻፈልኝን ነው።

ዝናቡ ሲገባ ሆዱን አመመው፤
ኋላም ዓይኑ ተሰቅሎ አንቀጠቀጠው።
“ጂኒ ነው” አሉኝ።
ማላም ጋምቦ ጽፎ ከጣውላ ሰሌዳው
ቀለሙን በውሃ አጥቦ አጠጣው።
ልጄ ፊደል ጠጣ፤
ጂኒው ግን አልወጣ።
የዳንታኒ መንታዎች በአንድ ሌሊት ሞቱ፤
ያን ቀን “ፈንግል” ያለ የለም፣
ዝም አለ ሰውየው፣ ዝም አለ ቤቱ።

የከተማ ሐኪሞች ደም ወስደው ከሳምንት መጡ፤
ጫማቸውን አውልቀው ከምንጣፍ ተቀመጡ።
አንዷ፣ ገና ልጅ ናት፣ ዓይኔን ሳታይ፣
“በደሙ ውስጥ እርሳስ አለ” አለች።

እርሳስ?
እርሳስማ የለውም ልጄ፤
አባቱ መች ገዛለት? ወርቁ መች ተሸጠ?
በዚህ ቤት እርሳስ የለም።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ፦ ከድንጋዩ ጋር ነው፣
ከወርቁ ጎን የተኛ።
ፈጭተን፣ አበጥረን፣ በትንፋሻችን አቡንነን
ያጎረስናቸው እኛ።

ታሲዑ ተረፈ። ተረፈ ይሉኛል።
ስሙን ሲጠሩት ወደ ግድግዳው ያያል።
የሰው እርሳስ ይጽፋል፣ ያስታውሳል፤
የእኛ እርሳስ አስረሳው፦
ሩጫውን፣ ሳቁን፣
የዳክዬዎቹን ስም፣
ጣራና ምሰሶውን።

ዛሬ ነጭ ለባሾች አካፋ ይዘው መጥተዋል።
ግቢዬን እንደ ፍየል ቆዳ
አንድ ስንዝር ያህል ይገፋሉ፣
በጆንያ ይጨምሩታል።
ጆንያው ያው ነው፣ ሳማኢላ የሚያመጣው ዓይነት።
ከወፍጮው አጠገብ ሲደርሱ ቆምኩባት።
“ይችን ተዉልኝ፤
እዚህ ጋ ነው ልጄ ቤት የሠራው።”
አንዱ ጭምብሉን አወረደ፤ ላቡ ይንጠባጠባል።
“እናቴ፣ ከሁሉም የከፋው እዚህ ነው” አለ፣
እና ጠበቀኝ።
ፈቀቅ አልኩ።

ሳማኢላ የለም። ትናንት ማታ
ሞተሩን አስነስቶ ወደ ጉድጓዱ ሄዷል፤
ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሰን ገንዘብ
ሌላ ከየት ይመጣል?

አዲሱ አፈር ቀይ ነው፣ ከሩቅ ኮረብታ፤
የማንም እግር አያውቅ፣ የማንም ጫማ።
ታሲዑን አውጥቼ መሐሉ አስቀመጥኩት።
ጣቱን ያዝኩት።
ምሰሶ።
ከላዩ ጣራ።
አየው። እኔን አየኝ።
አንብቦት ይሁን አይሁን አላውቅም።
ጣቱ አፉ ሳይደርስ ግን
በሳሙና አጠብኩት።