ሩብ ዙር

ሥራዬ ቀላል ነው፤ በረዶ እልጋለሁ፤
ሰው ቆፍሮት ሲሄድ፣ ሙቅ ውሃ አፈሳለሁ።
ሃያ ሦስት ዓመት፣ ፊንላንድ፣ ካያኒ ከተማ፣
የማነበው መጽሐፍ የሌላ ሰው ጫማ
የጻፈው ነው፤ ማታ አጥፍቼው ልተኛ።
አንባቢውም እኔ፣ ደምሳሹም ብቸኛ።

ኢልታ የመጣችው በሰባት ዓመቷ፣
ጫፉ ጥጥ የታጨቀ ጫማ አልብሷት አባቷ።
ፔንቲ ሹፌር ነው፣ ባለ ትልቅ መኪና፣
ከተማው ሳይነቃ በረዶ ከጎዳና
ጠርጎ የሚያባርር። ልጁ ግን በተራ
ይኸንኑ ጠላት አድርጋው ባልንጀራ፣
ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ማንም ሰው ሳይመጣ፣
«ከፍተሃል?» ትለኛለች፣ ጉም ካፏ እየወጣ።

መጀመሪያ ጽሑፏ የዶሮ ጭረት ነበር፤
ቀጥሎ ክብ ሆነ፤ ቀጥሎ ስምንት ቁጥር።
በዘጠኝ ዓመቷ ዝላይ ጀመረች፤
ያን ልስልስ ሜዳዬን ወንፊት አረገች።
አሰልጣኟ ማርኬታ፣ እጇን ኪሷ ከታ፣
«እንደገና» ትላለች ጠዋት፤ «እንደገና» ማታ።
ትወድቃለች ኢልታ፤ ዳሌዋ በልዟል፤
እንባዋን አላየሁም፤ በረዶው ግን ይዟል።

አሥር ዓመት ሲሞላት፣ በፊተኛው ውድድር፣
እዚሁ፣ ሜዳዬ ላይ፣ ሙዚቃው ሲጀምር
ቆመች። ሁሉን ረሳች። ፔንቲ ካጥር ኋላ
ክንዶቹን ዘረጋ፤ ያ ግዙፍ ሰው፣ በቀላ
ፊቱ፣ ዙሩን ሁሉ ሊያስታውሳት ዞረ፤
ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ጨዋታው ጀመረ።

በአሥራ ሁለት ዓመቷ መጣ ድርብ አክስል፦
ፊት ለፊት ተነሥቶ፣ አየር ላይ ሁለት ተኩል
ዞሮ ማረፍ ማለት፣ ጀርባን ለሚመጣው
ሰጥቶ። በዚያ ሰሞን በረዶው አወጣው
ምስጢሩን ለእኔ፦ የማረፊያዋ ጭረት
በስተጫፉ ታጥፎ መንጠቆ አለበት፤
ሩብ ዙር ጎድሎታል። እግሯ ቀድሞ ነክቶ፣
የቀረውን ይዞራል ከበረዶው ገብቶ።

ከላይ ሲያዩት ያምራል። ማርኬታ አጨበጨበች።
እኔ ውሃ አፈሰስኩ፤ ዝም አልኩ። እሷም ሄደች
ወደ ኩዎፒዮ፣ ለታዳጊዎች ውድድር፣
አባቷ በወፍራም ጣት ዶቃ ሰፍቶ በቀሚሷ ዳር።

ዳኞች ቪዲዮውን አዘግይተው፣ መለስ፣ ገፋ፤
አንዲት ትንሽ ምልክት፤ ነጥቧ በዚያው ጠፋ።
ከአሥራ አራት ልጆች አሥራ አንደኛ ወጣች።
ሰኞ ሌሊት መጥታ ማሽኔ ፊት ቆመች፦
«አይተኸው ነበር ወይ?»
                         «አዎ» አልኳት፤ «ከጥቅምት።»
«ለምን አልነገርከኝም?»
                         መልስ ብፈልግ አጣሁ፤
ደስ ብሏት ስላየሁ፣ ደስታዋን ስለፈራሁ፤
ጉድጓድ ሲደፍን ኖሮ የሸበተ ሰው፣
አንዷን ገልጦ ማሳየት ሞት ነው የሚመስለው።

ከዚያ ተንበረከክን። ባትሪዬን አብርቼ
መንጠቆውን አሳየኋት፣ በጣቴ ነክቼ።
በጓንቷ ዳሰሰችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለቴ፤
«ይቺ ናት?» አለችኝ። «ይቺ ናት፣ እመቤቴ።»
«በጣም ትንሽ ናት እኮ!»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ከዘለለች በኋላ፣
ጎንበስ ብላ ታነባለች፣ ቁርሷንም ሳትበላ።
መንጠቆ። መንጠቆ። እንደገና መንጠቆ።
የካቲት አለፈ፣ ሐይቁን ውርጭ አንቆ።

ትናንት መብራት ሳይጠፋ፣ ማሽኑን አሙቄ፣
አንድ ጭረት አየሁ፤ ወረድኩ ተጠንቅቄ።
እንደ ቅንድብ ቀጭን፤ መንጠቆ የሌለው።
ስትዘለው አላየሁም። ደግሞም አንድ ብቻ ነው።
ነገ ላይደገም ይችላል፤ በዙሪያው የቀረው
አሁንም መንጠቆ ነው።
                         ውሃውን ከፍቼ
ሜዳውን ሁሉ ለበጥኩ፣ ያን ቦታ ብቻ ትቼ።

ዛሬ የሆኪ ልጆች ጮኹብኝ፦ «ኦይቫ፣ አርጅተሃል!
እዚያ ጥግ ጋ ሳትደፍን አንድ ነገር ረስተሃል።»