ሦስት መቀስ

ትሪየስቴ፣ የወደቡ ዳር፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ፤
ሦስት እስር ጋዜጣ ከመኪና ወረደ፣ አንድ ባንድ።
ኦቲሊያ ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰች፣
በየእስሩ አናት ላይ ድንጋይ አስቀመጠች፤
ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ሲወርድ፣
የማን ወገን ነህ አይልም፤ ያገኘውን ነው የሚወስድ።

ሕጉ ትናንት ወጣ፤ ዛሬ ወሬው ደረሰ፤
ሰርዲንን በሌሊት፣ በመብራት አባብሎ ማጥመድ ቀረ፣ ፈረሰ።
የጣሊያኑ ጻፈ፦ “ተጠበቀ ባሕሩ!”
የስሎቬኑ ጻፈ፦ “ጠበቀብን ገመዱ!”
የክሮኤሺያው ደግሞ፣ በቀይ ቀለም፦ “ደረሰ የጠበቅነው!”
እኔ አውቶቡስ ጠባቂ፣ ሦስቱን ወደ አፌ ስመልሰው፣
አንድ ግሥ ሆነብኝ፣ ለሦስት ጌታ ያደረ ሰው።

ፎቶው ግን አንድ ነው፤ የኔቪዮ ጀልባ፣ ካንድ ካሜራ የወጣ፤
መቀሱ ነው ሦስት፣ ከየአገሩ የመጣ።
አንዱ ሰውየውን ቆርጦ ጣለ፣ ውኃውን ብቻ አስቀረው፣
ሰማያዊ፣ ለጥ ያለ፣ ከፍጥረት ቀን ወዲህ መቅዘፊያ ያልደፈረው።
አንዱ ውኃውን ጣለ፤ የቀረው ፊት ነው፣
አፉ የተበረገደ፣ ዓይኑ ዕንባ ያቀረረው፤
ከሥሩ “የአባት ጩኸት” ተብሎ ተጽፏል።
ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ መብራቱን አጎላው፣
እንደ ሌባ ባትሪ፣ ጨለማ እንደከበበው።

ጥቂት ቆይቶ ኔቪዮ መጣ፣ ቦቲው ውኃ እየተፋ።
ሦስቱንም ገዛ። ሃያ ሳንቲም ጎደለው። “ነገ” አለችው።
በርሜል ላይ ዘረጋጋቸውና ራሱን ይፈልግ ጀመር፣
ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው፣ ያንኑ ኪስ ደጋግሞ እንደሚደባብስ።

“መቼ ነው የጮኽሁት? ደግሞስ የማን አባት? ልጅ እንኳ የለኝ!”
አሰበ፣ አሰበና በሳቅ ፈረሰ፦
“እያዛጋሁ እኮ ነበር! ያ ፎቶ አንሺ ጎረምሳ
ፈገግ በል ሲለኝ፣ እንቅልፌ ቀደመኝ።
ዕንባውም የቦራ ነው።”

ያልፍ የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር ግን
አንገቱን በመስኮት አውጥቶ “አይዞህ!” አለው።
አንዲት ወይዘሮም ሦስተኛውን ጋዜጣ ገዝታ፣ ፊቱን አይታ፣
ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ ዞር አለች።

ኦቲሊያ መነጽሯን አጠለቀች። ገጽ አሥራ ሰባት፤
በሙታን ስምና በአሮጌ ፍሪጅ ሽያጭ መካከል፣
ጉንዳን በሚያክል ፊደል፣ ሕጉ ራሱ ተኝቷል፦
“ርዝመታቸው ከአሥራ ሁለት ሜትር የሚበልጥ ጀልባዎች...”
“ያንተ ስንት ነው?”
“ስድስት። ከነመልሕቋ።”

ዝም ተባባሉ።
ጋዜጦቹ በየድንጋያቸው ሥር ይንፈራገጣሉ፣
ለገበያ እግሩን እንደታሰረ ዶሮ።

“እና አሁን ልቆጣ ወይስ ደስ ይበለኝ?” አላት።
“መጀመሪያ ተኛ” አለችው።

አውቶቡሴ መጣ። ሰማዩም ነጋ።
በመስኮት ዞር ብዬ አየሁት፤ ጋዜጦቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ
አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ እንደገና አዛጋ፣
የሚያነሳው በሌለበት።